የዳሚት ጆሮ

ቦታው ከብድ ይባላል።
በእነሱ አፍ ጉበት ማለት ነው፤ በእኔ አፍ ግን ይከብዳል።
ከኩዌት ከተማ ወዲያ፣ አስፋልቱን አሸዋ ሲውጠው፣
በሽቦ የታጠረ ግቢ፣ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያቀልጠው፣
እዚያ ለአሥራ አንድ ሠራተኛ ሩዝ እቀቅላለሁ፤
ለአርባ ግመል ገንዳ ውሃ በጎማ እስባለሁ።

«ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉ ይሄዳል» ሲባል ነው ያደግሁት፤
እዚህ ግመሉ ታጥሮ ነው፤ ሂያጁን ውሻ ሆኖ አገኘሁት።

በብርድ ወራት ድንኳን ተክለው ለሽርሽር ሲመጡ
ልጆች ቡችላ ያቅፋሉ፣ ስም እያወጡ።
ሙቀቱ ሲመለስ ድንኳኑ ይጠቀለላል፤
ቡችላው ከነስሙ ከአመዱ አጠገብ ይቀራል።
ከአሮጌ ጎማ ክምር ሥር ያድጋል፤ ይዋለዳል፤
ስድስቱ አሥር ይሆንና፣ ሌሊት እንደ ዕድር ተጠርቶ ያላዝናል።

ነክሰዋል፤ እውነት ነው፤ አልዋሽም ለውሻ ብዬ፤
ግልገል ሲያደሙ አይቻለሁ፣ ከበረቱ ደጃፍ ውዬ።
ሙኒር፣ የባንግላዴሹ እረኛ፣ ተረከዙን ተያዘ፤
መርፌውን እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑ በፍርሃት ፈዘዘ።

አቡ መሻሪ አንድ ምሽት በዶሮ ቆዳ መርዝ ጠቀለለ።
ሰባት ነበሩ።
አረፋ ደፍቀው፣ እግራቸው አየር ሲቀዝፍ አደሩ።
የተነከሰው ሰውዬ እያነከሰ ቆፈረ፤
የአንዷ ጡት ገና ወተት ያንጠባጥብ ነበረ።
ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌሎች መጡ ከወዲያ ማዶ፣
የሰባቱን ደጅ አሽትተው፣ ሆኖ ቢያገኙት ባዶ።

ከዚያ አንዲት ሐኪም መጣች። «ደላል እባላለሁ» አለችኝ፤
ደነገጥኩ፤ ከደሴ የሸኘኝ ደላላ ታወሰኝ።
ይቺኛዋ ሰው አትሸጥም፤ የሰርዲን ጣሳ ከፍታ
የሽቦ ሳጥን አጠመደች፤
ዝም በሉ አለችን በእጇ፣ ከመኪናዋ ሥር ተኝታ።
«ብትገድል» አለችው ባለቤቱን፣ «ባዶ ቤት እንግዳ ይጠራል፤
የተከተበ፣ የማይወልድ ውሻ ግን ደጁን ያስከብራል።»
«ስንት ያስከፍለኛል?»
«ምንም» አለችው።
ሻዩን ጨለጠና ዝም አለ።

መጀመሪያ የገባችው ዳሚት ናት፤ ዳማዋ፣ ባለነጭ ደረት፣
ስጠራት የምትመጣ፣ ከአርባ ግመል መሃል በሌሊት።
ሁለት ሌሊት ሳትመለስ፣ እኔም ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ፤
ከመሳፈሬ በፊት ክንዴን የተወጋሁትን መርፌ አስታወስኩ።
«ለማይታወቅ ነገር ነው» ብሎኝ ነበር ደላላው።
እኔንም የጠየቀኝ የለም፤ እሷንም የጠየቃት ሰው።
እሷን ግን አስተኝተው ነው።

ስትመለስ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤
«ተከትባለች፣ አትንኳት» ማለት ነው፤ ከሩቅ ይነበባል።
የእኔ ፓስፖርት ከአቡ መሻሪ መሳቢያ ነው፣ ከቁልፉ ጋራ፤
የእሷ መታወቂያ ከራሷ ላይ፤ ይዛው ትሮጣለች በጠራራ።

ዘንድሮ ከጎማው ሥር አንድም ቡችላ አላለቀሰ፤
አቡ መሻሪ አይወዳቸውም፤ ወደ መርዙ ግን አልተመለሰ።
ከገንዳው ጥግ ውሃ በጣሳ ሳኖር ያየኛል፤ ፊቱን ያዞራል።
ቦታው ጉበት አይደለም ወይ?
ጉበት ደግሞ ውሃ ይጠማዋል።

ሙኒር ዳሚትን ሲያያት አሁንም ድንጋይ ያነሳል።
አይወረውርም።
ጨብጦት ያልፋል።